አለንጋው እስከ መስመሩ ነው

በፈረንጆቹ 2009፣ መጋቢት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዳላስ አጠገብ ካለችው ከምኖርባት ከዩለስ ተነሥቼ ከፎርት ወርዝ በስተምዕራብ ወዳለው የፈረስ አገር ሄድኩ። ሩቅ አይደለም፤ መንገዱ ካልተዘጋጋ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። የሄድኩት ካዛኮች በአዲስ ዓመታቸው የሚጫወቱትን የፈረስ ጨዋታ ለማየት ነው። ለሰው የነገርኩት ይህንን ነበር። ያልነገርኩት ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ ወንድሜን ታደሰን፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ ፈረስ አጠገብ አቁሜ ፊቱን ማየት ፈልጌ ነበር። ከእሱ የምፈልገው አንድ ቃል ነበር፤ እሱም ምን እንደሆነ ያውቃል።

የጋበዘችኝ ካዛክ ባልደረባዬ ጉልናር ናት። ሁለታችንም ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ዊልቸር እንገፋለን። በረራ እስኪመጣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። የእሷም የእኔም እንግሊዝኛ ጎዶሎ ነው፤ የጎደለን ግን የተለያየ ስለሆነ እንሞላላለን። አንድ ቀን ቡት ጫማ ያደረገ ሽማግሌ መንገደኛ በፊታችን ሲያልፍ ሁለታችንም እኩል አንገታችንን አዞርን። ሰውዬው ፈረስ ፈረስ ይሸት ነበር። እኔ በአማርኛ፣ እሷ በራሷ ቋንቋ፣ «ፈረስ» አልን። ከዚያ ቀን በፊት ወሬያችን ስለ ፈረቃና ስለ እግር ሕመም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ስለ ፈረስ ሆነ። እኔ ሰላሌ እንዳደግኩ፣ አባቴ ፈረሰኛ እንደነበረ ነገርኳት። እሷም የወንድሟ ልጅ ዌዘርፎርድ አጠገብ አንድ የፈረስ እርሻ ውስጥ ለፈረሶች ብረት ጫማ እንደሚመታ፣ ወገኖቿም በየጸደዩ እዚያ እንደሚሰበሰቡ ነገረችኝ። «ነይ፣ አፓ» አለችኝ። አፓ በእነሱ ቋንቋ ለታላቅ እህት የሚባል ነው።

እኔ መኪና አልነዳም። ወንድሜ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ አሁን ጋርላንድ ከልጁ ከሜሮን ጋር ይኖራል። ሜሮን እዚሁ ያደገች፣ አማርኛን ከሥሩ ሳይሆን ከጫፉ የያዘች ልጅ ናት፤ ፎቶ ማንሳት ትወዳለች። ለእሷ ስነግራት «ኦ፣ እኔም እመጣለሁ» አለች። እሱም ፈረስ የሚለውን ሲሰማ የምነዳው እኔ ነኝ አለ። እንደሚል አውቅ ነበር።

ታደሰ አምስት ዓመት ይበልጠኛል። በቤታችን ታላቅ ወንድም አንቱ ይባል ነበር። እኔ ከአንድ የመስቀል ቀን ወዲህ አንተ ነው የምለው፤ እሱም ለምን ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

በሃይዌይ 183

መኪናው የግቢያችንን የብረት በር ሲያልፍ አንድ አውሮፕላን ከራሳችን በላይ ዝቅ ብሎ አለፈ። ዩለስ የሚኖር ሰው ቀና ብሎ አያየውም። ወንድሜ ግን ሁልጊዜ ያያል፣ የየትኛው አየር መንገድ እንደሆነም ይናገራል፣ ብዙ ጊዜም ይሳሳታል። አላረምኩትም፤ ገና መንገዱ ረጅም ነበር።

ፎርት ወርዝ ከመግባታችን በፊት ነዳጅ ማደያ ቆምን። ቤንዚን ባለፈው በጋ አራት ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር፤ አሁን ሁለት ዶላር ሆኖ ወንድሜ ታንኩን ጢም አድርጎ ሲሞላ እሱ ራሱ ዋጋውን ያወረደው ይመስል ነበር። ከውስጥ በወተት የነጣ ቡና ይዞ ወጣ። ሁዳዴ ነበር። እኔ ቆሎና ዳቦ በፌስታል ይዣለሁ። ቡናውን አየሁት፣ እሱም እንዳየሁት አየ። ሾፌር አይጾምም አለ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከፊት የሚቆመው ሰው ይኸው ነው።

ከፎርት ወርዝ ሕንፃዎች ወዲያ ሰማዩ ሰፋ። ከከተማ ወጥቶ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚታየው ቁጥቋጦ ነው፤ እሾሃም፣ ቅጠሉ ገና ያልወጣ። ከዚያ አጥር ይጀምራል፤ ከአጥሩ ውስጥ ላም፣ ቀጥሎ ፈረስ። በመንገዱ ዳር እዚህም እዚያም ሰማያዊ የሜዳ አበባ ብቅ ብሏል። ነፋሱ መኪናውን ወደ ጎን ይገፋው ነበር። ከቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሻለሁ፤ ለነፋሱ ብዬ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ፈረሶች ስናይ ወንድሜ ታሪኩን ጀመረ። በየክርስትናው፣ በየሠርጉ፣ በየለቅሶው የሚያወራት ታሪክ ናት፤ ዳላስና አካባቢዋ ያለ አበሻ ግማሹ ሳይሰማት አልቀረም። በመስቀል ቀን በአባታችን ዳማ ፈረስ ላይ ሆኖ ጉግስ ሲጫወት፣ ፈረሱ በሽምጥ ግልቢያ መካከል ከሥሩ ያብዳል። እሱን ይጥለዋል፣ ፈረሱ ራሱም ይወድቃል፣ እግሩ ይሰበራል፣ ይገደላል። ለምን? ትንሽ እህቱ ከዚያ ቀን በፊት ጋልባው አፉን አበላሽታው ስለነበር። እዚህ ጋ ሲደርስ እጁን ወደ እኔ ይዘረጋል፣ ሰውም ይስቃል። ሜሮን ከኋላ ወንበር ሆና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ከእሱ ጋር እኩል ጨረሰችው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትሰማው ነው ያደገችው።

እኔ መስኮት መስኮቱን አየሁ። እውነቱን ለአንባቢ እዚሁ ልናገር። በዋዜማው ዳማውን ጋልቤዋለሁ፤ ይህንን ክጄ አላውቅም። ግልቢያ ያስተማረኝ አባታችን ራሱ ነው። ታደሰ ሲወድቅ ከሜዳው ዳር ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ፤ ፈረሱ ጋ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። ኮርቻው ሆዱ ሥር ዞሮ ነበር። ኮርቻውን በሆዱ ሥር የሚያስረው ጠፍር አልተበጠሰም፤ ላልቶ ነው። የተበጠሰ ጠፍርና ያልጠበቀ ጠፍር ለይቼ አውቃለሁ። ይህንን ያን ቀን ማታ ስናገር አክስታችን በጥፊ መታችኝ፤ የቆሰለ ወንድም ላይ ነገር ታመጣለች ተባለ። እሱ ተኝቶ፣ ትከሻው ታስሮ፣ ዝም አለ። ዝም ብሎ ቢቀር ጥሩ ነበር፤ ሲነጋ አባታችን ሲጠይቀው ፈረሱን እኔ እንዳበላሸሁት ነገረው። አባታችን ከዚያ ወዲህ ልጓም አላስነካኝም። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሥራ እንዳግዝ ተላክሁ። አባታችን ይህንኑ እንዳመነ ሞተ።

እንግዲህ ከወንድሜ የምፈልገው ቃል ይህ ነበር፦ ጠፍሩን ያላጠበቅኩት እኔ ነኝ እንዲል፣ በሰው ፊት።

ሜዳው

ከዌዘርፎርድ ፍርድ ቤት ሕንፃ አልፈን ወደ ገጠር መንገድ ገባን። የእርሻው በር ላይ ጉልናር በአበባ ያጌጠ የራስ መሸፈኛ አስራ ቆማ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ የማውቃት ሴት ጀርባዋ የጎበጠ ነው፤ እዚህ ቀጥ ብላለች። ወንድሜን በሁለት እጇ ጨበጠችው፣ ሜሮንን ሳመቻት፣ እኔን ክንዴን ይዛ ወሰደችኝ።

ድንኳኑ ከድግስ ዕቃ አከራይ የመጣ ተራ ነጭ ድንኳን ነው፤ ውስጡን ግን በበግ ጸጉር ምንጣፍ ሸፍነውት ውጪውን ያስረሳል። ምግቡ ከበግና ከላም ሥጋ ጋር የተቀቀለ ሰፊ ሊጥ፣ በወተት የተሠራ የእህል ሾርባ፣ በዘይት የተጠበሰ ክብ ክብ ዳቦ ነበር። ጉልናር በአገሯ ይህ ምግብ በፈረስ ሥጋ እንደሚሠራ፣ እዚህ ግን እንደማይገኝ እያዘነች ነገረችኝ። እኔም አብሬያት ያዘንኩ መሰልኩ። ጾመኛ መሆኔን ስነግራት አልተከራከረችም፤ ዳቦው ወተት እንዳለበት ራሷ አስጠነቀቀችኝ፣ ለእኔ ሻይ ያለ ወተት፣ ዘቢብና ለውዝ አቀረበችልኝ። ወንድሜ ሁሉንም በላ። እንግዳ አይጾምም አለ።

ጨዋታው ከምሳ በኋላ ተጀመረ። በመጀመሪያ ጎረምሶች እየጋለቡ ጎንበስ ብለው ከመሬት መሐረብ አነሡ። ቀጥሎ ሁለት ሁለት እየሆኑ ኮርቻ ላይ እንዳሉ ታገሉ፤ የወደቀ ተሸነፈ። ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ለመንጠቅ በሁለት ቡድን ተጋፉ። በአገራቸው ራሱ የተቆረጠ ፍየል ነው አሉ፤ የእርሻው ባለቤት ግን ፍየል አርዶ ሜዳዬ ላይ የሚጎትት የለም ስላላቸው በአሸዋ የተሞላ የቆዳ ከረጢት ሆነ። አቧራው ውስጥ የፈረሶቹ ጀርባና የሰዎቹ ቆብ ብቻ ይታይ ነበር። ወንድሜ ከወንበሩ ተነሥቶ አጥሩ ጋ ደርሷል። አንድ ልጅ ከኮርቻው ወደ ጎን ሲንጠለጠል የእሱም ትከሻ አብሮ ዘነበለ። ጉግስ ላይ ከዘንግ የሚሸሸው እንደዚያ ነበር፤ በዚህ የታወቀ ነበር፤ አልዋሽም።

መጨረሻ ላይ የልጃገረድ ማሳደድ የሚሉት መጣ። ደንቡን ጉልናር አስረዳችኝ። ልጅቷ ቀድማ ትለቃለች፣ ወንዱ ይከተላል። እየጋለበ ደርሶ ከሳማት ድሉ የእሱ ነው። እስከ ምልክቱ ምሰሶ ድረስ ካልሳማት ግን ሁለቱም ይዞራሉ፤ አሁን አሳዳጇ እሷ ትሆናለች፣ በእጇም አለንጋ አለ። እስከ መነሻው መስመር ድረስ የቻለችውን ያህል ትገርፈዋለች።

«ከመስመሩ በኋላስ?» አልኳት።

«ከመስመሩ በኋላ አለንጋው ይቀመጣል» አለች። «ሻይ ይጠጣሉ።»

በእኛ አገር ጨዋታ የሴት ድርሻ እልልታ ነው። አለንጋ ያላት ሴት ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። በደንብ እንዲታየኝ መነጽሬን ጠረግኩ።

የመጀመሪያው ጎረምሳ ልጅቷ ላይ ደረሰባት፣ ጎን ለጎን ሆነ፣ ሊስማት አዘነበለ፤ በዚያች ቅጽበት ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ቁጭ አለ። ልጁ ከአንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ፈረሱ ጆሮውን አቁሞ ግራ ቀኝ ያይ ነበር፤ የጠፋበት ነገር ያለ ይመስላል። ልጅቷ ዞራ መጥታ እስከ መስመሩ ገረፈችው። ሁለተኛውም ደረሰ፣ አዘነበለ፣ ፈረሱ ቁጭ አለ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ሽማግሌዎቹ ካዛኮች በቋንቋቸው ተጨቃጨቁ፤ የእርሻው ባለቤት አጥሩ ላይ ተደግፎ እስኪያነባ ይስቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካዛኮቹ አክብሮታቸውን ለማሳየት ከጋጣው ውስጥ ምርጥ ምርጡን ፈረስ ባለቤቱ እንዲያውሳቸው ለምነው ነበር። ምርጦቹ ደግሞ ላም ከመንጋ ለመለየት የሠለጠኑ ናቸው። ለእነዚህ ፈረሶች የጋላቢው እጅ ወደ አንገታቸው ዝቅ ሲል ትርጉሙ «ከዚህ በኋላ ሥራው ያንተ ነው» ማለት ነው፤ ቀጥ ብለው ይቆሙና ላሟን ይፈልጋሉ። ለመሳም የሚያዘነብል ሰው ደግሞ እጁን አንገት ላይ ሳያሳርፍ አይሆንለትም። ባለቤቱ ተራ የጋሪ ፈረስ ብትወስዱ ይሻላችሁ ነበር አላቸው። ከዚያ በኋላ ጎረምሶቹ የልጓሙን ዛብ እንደ አስተናጋጅ ትሪ ከፍ አድርገው እየያዙ ጋለቡ፤ አንዱም ግን አልሳመም።

ወደ ድንኳኑ ስንመለስ ወንድሜ ሞቅ ብሎት ነበር። ታሪኩን ለካዛኮቹ ማውራት ጀመረ፤ ሜሮን በእንግሊዝኛ፣ ጉልናር ከእንግሊዝኛው በራሷ ቋንቋ እያቀበሉ። ሦስት ቋንቋ አልፋ እንኳ ያቺ ውሸት አልደከመችም። መጨረሻው ላይ እጁን ወደ እኔ ሲዘረጋ ሰው ሁሉ እንደ ዳላሱ ሰው ሳቀ። ጉልናር ብቻ አልሳቀችም። እኔን አየችኝ። አውሮፕላን ማረፊያው አግዳሚ ላይ ስለ ፈረስ ስናወራ ስለዚህ ታሪክ አንድም ቀን አንሥቼላት አላውቅም፤ ዝም ማለቴን ግን ታውቀዋለች። ተነሥታ ለሽማግሌዎቻቸው አንድ ነገር ተናገረች፣ እነሱም ጠረጴዛውን በእጃቸው መቱ።

የወሰኑት ይህ ነው፦ እንግዶቹ እህትና ወንድም ስለሆኑ መሳም የለም፤ ወንድምየው የእህቱን ሻሽ ከትከሻዋ ይንጠቅ። ካልቻለ አለንጋው የእሷ ነው። ግልቢያው በሶምሶማ፣ ለዕድሜያቸው ሲባል።

ወንድሜ እምቢ ማለት አይችልም ነበር፤ አሁን ነው ስለ ፈረሰኛነቱ የተረከው። ሜሮን «አባዬ፣ ጀርባህስ? ማለቴ፣ ዶክተሩ ምን አለህ?» አለችው፤ አልሰማትም። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ሱሪዬንም ለብሼ ነበር።

ጠፍሩ

ሁለት ፈረሶች አመጡልን። የእኔ ዳማ ነበር። ሆን ብለው አይደለም፤ ከየት ያውቃሉ።

የጉልናር የወንድም ልጅ ፈረሱን ጭኖልኝ ሊያወጣኝ ሲል ወንድሜ በእጁ ገለል አደረገው። የኮርቻውን ክንፍ አነሣ። የሆዱን ጠፍር ሳበ፣ አጠበቀ፣ ሁለት ጣቱን ከሥሩ አስገብቶ ሞከረ። እኔ አሁን «ውጪ» ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ልጓሙን ይዞ ፈረሱን ትንሽ ወደ ፊት አስኬደው፣ አቆመው፣ እንደገና ክንፉን አንሥቶ እንደገና አጠበቀ።

ይህንን የማያውቅ አንባቢ ይኖራልና ልግለጽ። ፈረስ ሲጫን ሆዱን በአየር ይነፋል። በዚያን ጊዜ የጠበቀ ጠፍር ፈረሱ ሲተነፍስ ይላላል። ስለዚህ ይጠበቅና ፈረሱ ይራመዳል፣ ከዚያ ሁለተኛ ይጠበቃል። አባታችን ለሁለታችን ያስተማረን በአንድ ቀን ነው። «ሁለተኛው ነው የሚያሳድራችሁ» ይለን ነበር።

ወንድሜ ማንም ሳያዘው፣ ፊቱን ከፈረሱ ሆድ ሳያነሣ፣ ለእኔ ሁለተኛውን ሠራ።  የራሱን ፈረስ አላየውም።

«ሁለተኛውን ታውቀው ነበር ለካ» አልኩት።

«ውጪ» አለኝ።

ሜሮን ካሜራዋን ይዛ አጠገባችን ነበረች። ሰምታለች።

ከፒክአፕ መኪና ጀርባ ላይ ተረማምጄ ወጣሁ። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። ጉልበቴ ጮኸ፣ ወገቤ ጮኸ፤ ከዚያ ፈረሱ ሥሬ ሲንቀሳቀስ ሁለቱም ዝም አሉ። ዛቡን በግራ እጄ ከፍ አድርጌ፣ አለንጋውን በቀኜ ያዝኩ። ከመስመሩ ቀድሜ ለቀቅኩ፤ ነፋሱ ከፊት ነበር። ከአሥራዎቹ ዕድሜዬ ወዲህ ፈረስ ላይ አልወጣሁም፤ እግሬ ግን የት መሆን እንዳለበት ያውቅ ነበር። ከኋላዬ ኮቴ መጣ። ወንድሜ ዳር ዳሬን ደረሰ፣ ትንፋሹ ይሰማኛል። ሻሼን ሊይዝ ዘነበለ። የነገሩትን ሁሉ ረስቶ ግራ እጁን ፈረሱ አንገት ላይ አሳረፈ፤ ፈረሱ ቁጭ አለ። እንደ ጎረምሶቹ ግን አልተንጠለጠለም፤ ኮርቻው ላይ ተጣብቆ ቀረ። ፈረሰኛ ነበር ብያለሁ።

ምሰሶውን ዞርኩ። አሁን ፊቴን ወደ መስመሩ አደረግኩ፣ እሱም ዞሮ ከፊቴ ሆነ። አለንጋው በመዳፌ ውስጥ ሞቋል። የተጠለፈ ቆዳ ነው፣ አጭር፣ እጀታው እንጨት። ሰዎቹ በሦስት ቋንቋ ይጮኻሉ። ደረስኩበት። በዚያ በደህና ቀኑ ጀርባውን ወደ ጎን ጥሎ ከዘንግ ያመልጥ እንደነበረ አውቃለሁ፤ አሁንም ይችል ነበር፤ ትከሻው ሲጀምር አየሁት። ከዚያ ተወው። ቀና ብሎ፣ ጀርባውን ሰፋ አድርጎ ሰጠኝ።

መታሁት። አንድ ጊዜ፣ በኃይል። ጃኬቱ ላይ አቧራ ተነሣ። 

እጄን ለሁለተኛው ስሰነዝር መስመሩን አልፈን ነበር። ጉልናር እዚያው ቆማ ትጠብቀኛለች፤ እጇን ዘርግታ አለንጋውን ከጣቶቼ ቀስ ብላ አወጣችው። «በቃ፣ አፓ። አለፍሽ» አለች። ሻይ ሰጡን። ወንድሜ ሻዩን ቆሞ ጠጣ፤ መቀመጫው ላይ መደገፍ አልቻለም።

መልስ

ፀሐይዋ ከኋላችን ስትወርድ ወደ ምሥራቅ ተመለስን። ወንድሜ ስለ አየሩ ተናገረ፣ ስለ ፈረሶቹ ዋጋ ተናገረ። ሜሮን የወሰደቻቸውን ፎቶዎች ካሜራዋ ላይ እያገላበጠች ነበር። ፎርት ወርዝ መብራቱን ማብራት ሲጀምር ጠየቀችው።

«አባዬ፣ አክስቴ ሁለተኛው ስትል ምንድነው? ፈረሱ ላይ ሁለቴ ስታስር ፒክቸር አለኝ። የራስህን ግን አላደረግክም።»

እሱ በሚቀጥለው መውጫ ወጥቶ የአንድ የተዘጋ ሱቅ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ፓርክ አደረገ። ሞተሩን አላጠፋም። ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ፊት ለፊት እያየ ተናገረ።

«ዳማው የወደቀው በእሷ አይደለም። ጠፍሩን አንዴ ብቻ ነው ያጠበቅኩት። ቸኩዬ ነበር፤ ሰው ያየኝ ነበር።»

ሜሮን ካሜራዋን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «ሶ... ሁልጊዜ የምትነግረኝ?»

«ለአባቴ አንዴ ከተናገርኩ በኋላ መመለሻ አጣሁ» አለ። «ከዚያ በኋላ በቀልድ መናገር ቀለለኝ። በቀልድ ስናገረው እሷም ቀልድ ይመስላት ይሆናል እል ነበር።»

«አልመሰለኝም» አልኩ። ከእርሻው ከወጣን ጀምሮ የተናገርኩት ይህንን ብቻ ነው።

ሜሮን ከኋላ ወንበር እጇን አሳልፋ ትከሻዬን ያዘችኝ። አላስወገድኩትም። የዚያን ጊዜ ምን እንደሚሰማኝ ለዓመታት አስቤበት ነበር፤ የምናገረውንም አዘጋጅቼ ነበር፣ ረጅም ነው። አንዱም አልመጣም። ያሰብኩት አባቴን ነው። ሊሰማው የሚገባው ሰው እሱ ነበር፤ የሰማችው ግን በአባቴ ጊዜ ገና ያልተወለደች፣ ጉግስ ምን እንደሆነ እንኳ በፎቶ ብቻ የምታውቅ ልጅ ናት። ከዚህ የተሻለ አልተገኘም። ወንድሜ ሲነዳ ጀርባውን ከወንበሩ አላስነካም፤ ይህንን እስከ ዩለስ ድረስ ሳይ ነበር።

የግቢያችን የብረት በር ፊት ስንደርስ መኪናውን አቆመ። በሩን የሚከፍተውን ቁጥር የማውቀው እኔ ነኝ፤ እኔ ግን ወዲያው አልነገርኩትም። አንድ አውሮፕላን ለማረፍ ዝቅ ብሎ አለፈ። ቀና ብሎ አላየውም።

«እንግዲህ አለፍን አይደል፣ መስመሩን?» አለኝ።

በየሄድኩበት ማስታወሻ እንደምጽፍ፣ የጻፍኩትንም ሰው እንደሚያነበው ያውቃል። የጠየቀው ይህንን እጽፈው እንደሆነ መሆኑ ገብቶኛል። ቁጥሩን ነገርኩት፣ በሩ ተከፈተ፣ ደጄ ድረስ አደረሰኝ። ስወርድ «ደህና እደር፣ ጀርባህን ቅባት አስቀባው» አልኩት። ደህና እደሪ አለኝ።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርሽ ቢሉኝ፣ ካዛኮቹ ያላቸው ነገር እኛ ዘንድ እንደሌለ ተማርኩ። እኛ ማን እንደመታ እስከ ልጅ ልጅ እናስታውሳለን፤ የት ላይ እንደሚቆም ግን መስመር አላሰመርንም። እነሱ ሜዳው ላይ በኖራ አስምረውታል። ደንቡ ይገባኛል፤ ደግ ደንብ ነው።

ነገር ግን ወንድሜ እውነቱን የተናገረው በተዘጋ መኪና ውስጥ፣ ለአንድ ልጅ ነው። ውሸቱን የሰሙት በየድግሱ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ይህንን ያነባሉ። ስለዚህ ምሰሶውን ከዞርን በኋላ ያለው ሜዳ ገና አላለቀም ብዬ ቆጠርኩት። ደንቡ እስከ መስመሩ የቻልሽውን ያህል ይላል፤ እኔ የመታሁት አንዴ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ይኸው።

መስመሩ እዚህ ላይ ነው። አለንጋውን አስቀምጫለሁ።